ለእህቴ የሰፋሁት ለስላሳ ጫማ

እትዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ብርዱ እንዴት አድርጎሻል? ዳሌሽ ውስጥ ያለው ብረት ዝናብ ሊመጣ ሲል ይቆረጥምሻል ብላኝ ነበር ልጅሽ፤ አሁንስ ተወት አደረገሽ? እንቅልፉስ? እኔ ከወገቤና ከዓይኔ በቀር ደህና ነኝ። መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ጎረቤቴን ፀጉር አስተካካዩን መጥራት ከጀመርኩ ሰነባብቻለሁ፤ እሱም ለአንዲት ክር የግማሽ ሰዓት ወሬ ሳያወራ አይወጣም። ባለቤቴ ሰላም ብላሻለች። ይህን ደብዳቤ እንደምጽፍልሽ ግን አላወቀችም፤ ዕቃ ልትገዛ ስትወጣ ጠብቄ ነው የተቀመጥኩት።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትዪ አውቃለሁ። ስልኩንማ ስንቴ አነሳሁት መሰለሽ። ድምፅሽን ስሰማ ምላሴ ይተሳሰራል፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ፣ እዚህ ስለሚቆፍሩት መንገድ አወራና እዘጋዋለሁ። ባለፈው ወር አምስት ሰዓት አውቶቡስ ላይ ተቀምጬ የመጣሁትም ናፍቆት ብቻ አልነበረም፤ የምነግርሽ ነገር ነበረኝ። ምሳ በላሁ፣ ሻይ ጠጣሁ፣ የትንሿን የልጅ ልጅሽን ደብተር አገላበጥኩ፣ ሳልናገር ተመለስኩ። ስትሸኚኝ ከወንበርሽ አልተነሳሽም። እንግዳ መንገድ ድረስ ሳትሸኚ የማትመለሺው ሴት ከተቀመጥሽበት እጅሽን አወዛወዝሽልኝ። ከዓይኔ አልጠፋ ብላ መንገዱን ሙሉ ያቺን እጅ ሳይ መጣሁ።

እባክሽ ይህን ለብቻሽ አንብቢው። ልጅሽ ሥራ ስትሄድ፣ መነጽርሽን አድርገሽ፣ ቀስ ብለሽ። ከጨረስሽ በኋላ ለማንም ብታሳዪው አልቀየምም።

ነገሩን አላስረዝመውም፤ ካስረዘምኩት እንደ ስልኩ ይሆናል። እትዬ፣ የወደቅሽው በእርጅና አይደለም። ራስሽም አልዞረም። የጣለሽ እኔ የሰፋሁልሽ ጫማ ነው። እኔም ይህን ካወቅሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው።

ይኸው ጻፍኩት። እጄ ላብ በላብ ሆኗል። ወረቀቱ ረጥቦ ብታዪው ላቤ ነው፤ እንባ መስሎሽ እንዳታዝኚልኝ። ለማዘን አትቸኩዪ፣ ገና አልጨረስኩም።

ጫማውን ታስታውሺዋለሽ፤ ያ ቡናማው፣ ማሰሪያ የሌለው። ለምን እንደዚያ አድርጌ እንደሰፋሁት ግን ነግሬሽ አላውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት የውሃ ቆጣሪ ስታነቢ ያደረግሽው ጫማ ሁሉ ከእጄ የወጣ ነው። ሶሉ ስስና ደረቅ፣ ታኮው ዝቅ ያለ፣ ማሰሪያው እስከ ቁርጭምጭሚት ጥብቅ የሚል። ይሄ ጣውላ ነው፣ ለእህትህ ነው ለወታደር የሰፋኸው እያልሽ ስትቀልጂብኝ ኖረሻል። በዚያ ጣውላ ግን የከተማውን ግቢ ሁሉ አዳረስሽው። መዝገብሽን ብብትሽ ሥር ሸጉጠሽ ቦዩን በአንዲት ሳንቃ ስትሻገሪ አይቻለሁ። ውሻ ሲመጣብሽ አትሮጪም፤ ፊትሽን ሳታዞሪበት ወደ ኋላ እየተራመድሽ ባለቤቱን ትሰድቢ ነበር። ሰፈሩ ቆጣሪዋ መጣች የሚለው ፊትሽን ሳያይ፣ ገና ከሩቅ አረማመድሽን አይቶ ነው።

ጡረታ ከወጣሽ በኋላ አንድ ቀን ሱቄ መጥተሽ ውስጥ እግሬን ያቃጥለኛል አልሽኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያልሽው፤ እኔ ግን አንጀቴን በላሽው። እናታችን ስትሞት ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ከዚያ ጀምሮ ትምህርት ቤት ስታደርሺኝ፣ ሐኪም ቤት ስታዝዪኝ፣ በኋላም ሥራ እንዲያስተምረኝ ጫማ ሰሪውን ስትለምኚልኝ የተመላለስሽው በእነዚያ እግሮች ነው። ዕድሜዋን በሙሉ ደረቅ ጫማ ሳጫማት ኖሬ መጨረሻዋን እንኳ ላመቻችላት ብዬ ተነሳሁ። ከታች አንድ ስፖንጅ፣ በላዩ ሌላ ስፖንጅ፣ ከውስጥ በገበሩ ሥር ደግሞ ሦስተኛ። ጎንበስ ማለት እንዳያስቸግርሽ ብዬ ማሰሪያውን ትቼ በላስቲክ አደረግሁት። ቆዳውን ከቦርሳ ሰሪው ለምኜ ነው ያመጣሁት። እንደዚያ ተጨንቄ የሰፋሁት ጫማ የለም።

ስታጠልቂው ጠረጴዛውን ያዝ አደረግሽ። ከዚያ ቆምሽና፣ ሰውዬ መሬቱን ወዴት ወሰድከው አልሽኝ። ፀጉር አስተካካዩ ሳቀ፣ እኔ ሳቅሁ፣ አንቺም ሳቅሽ። እኔ እንደ ምስጋና ቆጠርኩት። ለመጣ ለሄደው ደንበኛ ሁሉ ደረቴን ነፍቼ፣ እህቴ መሬቱን ወዴት ወሰድከው አለችኝ እያልኩ አወራሁ። ሰዎችም ለእናታቸው፣ ለአባታቸው እንደዚያው ስፋልን አሉኝ፤ ሰፋሁላቸው። ጠረጴዛውን ለምን እንደያዝሽ ግን አንድም ቀን ራሴን አልጠየቅሁም።

ጫማውን በወሰድሽ በሰባተኛው ወር ወደቅሽ። ጎረቤትሽ ጡረተኛዋ መምህርት ያየችውን ነግራኛለች። የግቢሽን በር ቆልፈሽ ቁልፉን ቦርሳሽ ውስጥ እየከተትሽ ነበር፤ እሷ ከመንገዱ ማዶ እንዴት አደርሽ ስትልሽ ልትመልሺላት ዞር አልሽ። ሰውነትሽ ዞረ፣ እግርሽ ቀረ። ድንጋይ የለ፣ ጭቃ የለ፣ ምንም አላደናቀፋት ብላ እጇን አፏ ላይ ጭና ነበር የምትነግረኝ። እኔም ጉድ ነው አልኩ። ለሐኪሞቹ ራሴን አዞረኝ አልሻቸው፤ ከዚያ በኋላ ያልተመረመረ ነገር የለም፤ ደም ግፊቱ፣ ጆሮው፣ ስኳሩ፣ ልቡ። ሁሉም ደህና ነው ተባለ። ሁሉም ደህና ሲሆን ደግሞ እንግዲህ ዕድሜ ነው ተባለ።

ዳሌሽ ተጠግኖ ከሆስፒታል በወጣሽ በሳምንቱ ልጅሽ ጫማውን በፌስታል አመጣችልኝ። እናቴ በእጁ ስጪው፣ ሌላ ጫማ ሰሪ ጋ እንዳትወስጂው፣ ሌላ ሰው እንዳያየው ብላለች አለችኝ። ሊጠገን ነው መሰለኝ። እሷ ስትሄድ ቀኙን አውጥቼ መስታወቱ ላይ አስቀመጥኩት። ጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ ያለውን መስታወት ታውቂዋለሽ፤ ጫማ ተሰፍቶ ሲያልቅ እሱ ላይ አቁመን ይወዛወዝ እንደሆነ እናያለን። በዚህ ሥራ መጀመሪያ የሚማሩት ይህንኑ ነው፤ መስታወት ላይ ቀጥ ብሎ ያልቆመ ጫማ ለደንበኛ አይሰጥም። ያንቺ ጫማ ወደ ውጭ ጋደል አለ። በጣቴ ስነካው ተወዛወዘ። ስፖንጁ በውጭ በኩል ተጨፍልቆ የእርሳስ ውፍረት ያህል ዘቅዝቋል። ከላይ ሲያዩት ምንም አይታወቅም፤ ቆዳው ያው ያምራል። ግራውም እንደዚያው ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ የማይታይ ተዳፋት ላይ ነበር ስትራመጂ የከረምሽው።

እትዬ፣ ያኔውኑ ገባኝ። ኋላ ነው የገባኝ ብልሽ ደስ ባለኝ፤ ግን ያኔውኑ ነው። ጫማውን በጆንያ ጠቅልዬ ከፎርማዎቹ፣ ከእነዚያ የእንጨት እግሮች ኋላ፣ መደርደሪያውና ግድግዳው መሀል ወሸቅሁት። መስታወቱንም ጨርቅ አለበስኩት። ለፀጉር አስተካካዩ ሆዴን አሞኛል ብዬ በቀትር ሱቄን ዘግቼ ወደ ቤት ሄድኩ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ተሳስቻለሁና ይቅር በዪኝ እልሽ ነበር። ሰው ይሳሳታል። የሚያሳፍረኝ ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ነው።

ልጆችሽ ለምክር ጠርተውኝ አሁን ወዳለሽበት ወደ ልጅሽ ቤት የመጣሁበትን ቀን ማለቴ ነው። እኛ ሳሎን ነበርን፣ አንቺ አጠገቡ ካለው ክፍል፤ በሩም ክፍት ነበር። ሹፌሩ ልጅሽ፣ እናቴ ቤቷ መመለስ ትፈልጋለች፣ አጥንቷም ገጥሟል፣ ለምን እንከለክላታለን አለ። ልጅሽ ደግሞ ብቻዋን ሳለች ቢደገማትስ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። አጎቴ፣ በየሳምንቱ የሚያዩዋት እርስዎ ነበሩ፤ ድሮም ትንገዳገድ ነበር ወይስ ያን ቀን ብቻ ነው አሉኝ።

ጫማው ነው ማለት ይበቃ ነበር። ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር። እኔ ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ድሮም ትንገዳገድ ነበር፣ ሁለት ጊዜ ልትወድቅ ስትል እኔው ራሴ ደግፌያታለሁ፣ ዕድሜ ነው፣ ብቻዋን መኖር የለባትም አልኩ። ሁለት ጊዜ! እንዲታመንልኝ ቁጥር ጨመርኩበት። አንድም ቀን ደግፌሽ አላውቅም፣ እትዬ። አንቺ ነሽ እኔን ስትደግፊ የኖርሽው።

አንቺ ደግሞ ከወዲያ ክፍል፣ ወንድሜ ያለው ልክ ነው፣ ለእኔም ይታወቀኝ ነበር፣ እዚሁ እኖራለሁ አልሽ። ድምፅሽ ምንም አልተለወጠም። እኔ ደግሞ፣ እያፈርኩ ልንገርሽ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ኮቴን አንስቼ ስወጣ ወደ አንቺ ክፍል ብቅ ብዬ ደህና ዋዪ አልኩሽ፤ አንቺም ሹራብህን ቆልፍ፣ ውጭው ይበርዳል አልሽኝ።

ለምን እንደዋሸሁ ብዙ አሰብኩበት። ልጆችሽን ፈርቼ አይደለም። አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ ያለኝ ሀብት ስሜ ብቻ ነው፤ ጫማው ሰው የማይጥል ሰውዬ እየተባልኩ ነው የኖርኩት። የገዛ እህቱን ጣለ እንዳልባል ፈራሁ። ስሜን ላድን ብዬ አንቺን አስረጀሁሽ። ከዚያ ወዲህ ሰው እህትህ እንዴት ናት ሲለኝ እግሬ አውጪኝ ማለት ይቃጣኛል፤ በጎረቤትሽ በመምህርቷ በር ላለማለፍ ስል ዙሪያ ጥምጥም እሄዳለሁ። ባለቤቴ ምን ሆነህ ነው ምግብ የማትበላው እያለች ስትጨቀጭቀኝ ጥርሴን ነው እላታለሁ።

ያቺ ቀን ቤትሽን ብቻ የወሰደችብሽ ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ወር ስመጣ ግን ሌላውንም አየሁ። ከወንበርሽ እስከ መታጠቢያ ቤቱ አሥራ ሁለት እርምጃ አይሞላም። ግድግዳው ላይ የመዳፍሽ መንገድ ወጥቶበታል፤ ቀለሙ እዚያ መስመር ላይ ብቻ ጠቁሯል። ሳሙና የፈሰሰበት ወለል ላይ እንዳለ ሰው እግርሽን ሳታነሺ እየጎተትሽ፣ ዓይንሽን ከመሬት ሳትነቅዪ ስትሄጂ አየሁሽ። ስትነሺ ልጅሽ ተቀመጪ ትልሻለች፣ የልጅ ልጅሽ ተቀመጪ አያቴ ትልሻለች፣ እኔም ሳላስበው ተቀመጪ እኔ አመጣዋለሁ አልኩሽ። ውሃ ነበር የፈለግሽው። ብርጭቆው ከአንቺ ሦስት ክንድ አይርቅም ነበር።

አሁን ደግሞ እንዴት ይህን ያህል እንኳ ለመጻፍ እንደበቃሁ ልንገርሽ። ከሦስት ወር በፊት አንዲት ልጅ ሱቄ መጣች። እዚህ ጤና ጣቢያ ውስጥ ለአዛውንቶች አቋቋምና አካሄድ የምታስተምር ባለሙያ ናት። ጆንያ ሙሉ ጫማ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈችው፤ ሰባት ጥንድ። ስፖንጁን በሙሉ ገፍፈው ያውጡልኝ፣ በምትኩ ስስና ጠንካራ ሶል ይምቱበት፣ ተረከዙን ጥብቅ አድርጎ ይያዝ፣ ማሰሪያም ይኑረው አለችኝ። ከሰባቱ አንዱ የእኔ ሥራ ነበር። ስፌቴን አልስተውም። እሷ አላወቀችም፤ እሱኑ መርጣ አነሳችና፣ ይህን የሰፋው ሰውዬ ሽማግሌ ይጠላል መሰለኝ፣ ያውቁታል ወይ አለችኝ። አላውቀውም አልኳት።

በዚያ ላይ ደግሞ ሽንጤን ገትሬ ተከራከርኳት። ያረጀ እግር የሚፈልገው ለስላሳ ነገር ነው፣ አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ እዚህ ሥራ ላይ ነኝ አልኳት። አልተቆጣችም። ከወለሉ የስፖንጅ ቁራጭ አነሳችና ጫማዬን አስወለቀችኝ። መጀመሪያ ባዶ ሲሚንቶው ላይ በአንድ እግር አቁማ ዓይንዎን ይጨፍኑ አለችኝ፤ ትንሽ ቆየሁ። ቀጥላ ስፖንጁ ላይ አቆመችኝ። ሦስት ሳትቆጥር የቆዳ መስፊያውን መኪና አቅፌ ተገኘሁ። ፀጉር አስተካካዩ በመስኮት አይቶኝ ኖሮ ከመኪናህ ጋር ስትደንስ ደረስኩብህ እያለ እስከ ዛሬ መፈናፈኛ አሳጥቶኛል። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም።

እንዲህ ነው ያስረዳችኝ። መሬቱ ወዴት እንዳዘነበለ፣ ክብደት የት ላይ እንዳረፈ ለሰውነት የሚናገረው ውስጥ እግር ነው። ሰው ሲያረጅ ያ ወሬ እየደከመ ይመጣል፤ ስለዚህ እግሩ ወለሉን ከድሮው ይበልጥ ማወቅ አለበት። መሀል ላይ ወፍራም ስፖንጅ ሲገባ ግን ምን ላይ እንደቆመ ይጠፋዋል፣ በተለይ ድንገት ዞር ሲሉ አለችኝ። ዞር ሲሉ ስትል የግቢሽ በር ትዝ አለኝ። እንደ ዋዛ አድርጌ፣ የማውቃት አንዲት ሴት አለች፣ ሰባ አምስት ዓመቷ ነው፣ ዳሌዋ ተሰብሮ ድኗል፣ ወራት አልፈዋል ግን አሁንም ወንበር ላይ ናት አልኳት። አጥንቱ ከዳነ የሚጨርሳት ወንበሩ ነው አለች። መቀመጥ ጡንቻን በየሳምንቱ ያቀልጠዋል፣ ፍርሃቱ ደግሞ እግር ያስጎትታል፣ እግሩን የሚጎትት ሰው መልሶ የመውደቅ ዕድሉ ይብሳል። ግን ይመለሳል፣ በዚህ ዕድሜም ይመለሳል ብላ የሰማንያ አንድ ዓመት ሰው ነገረችኝ። ጡረታ የወጡ የቧንቧ ሠራተኛ ናቸው፤ በእጅ ሳይደገፉ ከወንበር መነሳትን እንደ ሕፃን ተለማምደው አሁን ብቻቸውን ገበያ ይሄዳሉ። ሴትየዋ የጣለኝ ዕድሜዬ ነው ብላ አምናለች ስላት፣ ታዲያ አይደለም ብሎ አንድ ሰው ይንገራት እንጂ አለችኝ። ቀላል አስመሰለችው። እኔ ወስፌ የጠፋብኝ መስዬ ጠረጴዛ ሥር ገባሁ።

ከዚያ ወዲህ ሰኞና ሐሙስ ጠዋት እሷ የምታስተምርበት አዳራሽ እሄዳለሁ። መጀመሪያ ከኋላ ተቀምጬ አይ ነበር፣ በኋላ እኔንም አስነሱኝ። የወንበር መደገፊያ ይዘው በአንድ እግር ይቆማሉ፤ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ጋር እያገናኙ በተቀባ መስመር ላይ ይራመዳሉ፤ ብርጭቆ ይዘው ዞር ማለትን ይለማመዳሉ። እኔ ያለ መደገፊያ ስምንት ቆጥሬ አልዘልቅም። የቧንቧ ሠራተኛው ሠላሳ ይቆጥራሉ፣ ያውም እያጉረመረሙ። አንዲት ጎበጥ ያሉ እናት ደግሞ የወጥ ቤታቸውን ጠረጴዛ ጫፍ ይዘው ነው የጀመሩት፤ በየቀኑ ድስት እስኪፈላ ተረከዛቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ። እሳቸውን ሳይ አንቺን አሰብኩ።

እንደ ያንቺው ያለ ጫማ አሥራ አንድ ጥንድ ለሰው ሰፍቼ ነበር። ስምንቱን አንቺ ሳትወድቂ በፊት፣ ሦስቱን ከወደቅሽ በኋላ። አዎ፣ ካወቅሁ በኋላ። እምቢ ብል ለምን እባላለሁ ብዬ ነው፤ ይሄኛው ስፖንጅ አዲስ ነው፣ አይጨፈለቅም እያልኩ ራሴን አታለልኩ። አሁን በየቤቱ እየዞርኩ ሰበሰብኳቸው። አንዲት አሮጊት የሰጠኸኝን አልመልስም፣ በሕይወቴ የተመቸኝ ጫማ ይሄ ብቻ ነው ብለው በሩን ዘጉብኝ፤ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ነው የተቀበልኳቸው። አንድ ቤት ደግሞ ልጃቸው ወጥቶ አባቴ አርፈዋል አለኝ። በምን እንዳረፉ መጠየቅ አልቻልኩም። ነፍስ ይማር ብዬ ተመለስኩ።

ይህን ሁሉ ይዤ ነው እንግዲህ ባለፈው ወር የመጣሁት። ከምሳ በኋላ ልጅሽ ሻይ ስታፈላ ወጥ ቤት አብሬያት ቆሜ ነበር፤ ሁለት ነገር ነገረችኝ። አንደኛው ቤትሽ ሊሸጥ መሆኑን ነው። ገዢ ተገኝቷል፣ በሚቀጥለው ወር መጨረሻ እናቴ ትፈርማለች፣ ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል ብላ ሽጡት ያለችውም ራሷ ናት አለችኝ። ሁለተኛውን እንደ ጨዋታ ነው ያነሳችው። ያን ቀን ማታ እሷ ሆስፒታል ስትደርስ ሐኪሙ ምን ዓይነት ጫማ አድርገሽ ነበር ብሎ ሲጠይቅሽ፣ ባዶ እግሬን ነበርኩ ብለሽ መልሰሻል። ልጅሽ ገርሟታል፤ በማግሥቱ ጫማውን ከግቢሽ በር ላይ ያነሳችው እሷ ናታ። ሕመሙ አስቀባጥሯት ነው እንጂ እናቴ ባዶ እግሯን በር ቆልፋ ስትወጣ ማን አይቶ ያውቃል አለችኝና ሳቀች።

ማንን ልትሸፍኚ እንዳልሽው ግን ገባኝ። እጄን ልታጠብ ብዬ ገባሁና ቧንቧውን ከፍቼ ብዙ ቆየሁ። ስመለስ ዓይንህ ቀልቷል፣ ጉንፋን ያዘህ እንዴ አልሽኝ፤ አዎ አልኩሽ። ስለዚህ ነገር አልጠይቅሽም፣ አንቺም አትመልሺልኝ። አሁን ከነገርኩሽ ሁሉ ይሄኛው ይከብደኛል።

ከእንግዲህ ወዲያ የሚቀረኝ ልመና ነው። አትፈርሚ። ቤትሽን ጓሮውንም በሩንም እንዳለ አቆዪው። ዕድሜ ጥሎሽ ቢሆን ኖሮ ልጆችሽ ልክ ነበሩ፤ ያልጣለሽ ዕድሜ ነው ግን ቤትሽን እያስለቀቀሽ ያለው። ለባለሙያዋ ልጅ ባለፈው ሐሙስ እውነቱን ነገርኳት፤ ያን ጫማ የሰፋው ሽማግሌ የሚጠላው ሰውዬ እኔ ነኝ አልኳት፣ ሴትየዋም እህቴ ናት አልኳት። እንግዲህ ጊዜ አናጥፋ አለች። እናንተ ከተማ እንደ እሷ የምታሠራ ጓደኛ አለቻት፤ ቤት ድረስ ትመጣለች፣ እሺ ካልሽ።

እኔ ማክሰኞ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ። ልጆችሽ ከሥራ ሲወጡ እንዲሰበሰቡ ንገሪያቸው። ሁለት ጊዜ ደግፌያታለሁ ያልኩት ውሸት መሆኑን፣ ጫማውን መደበቄን፣ ሁሉንም ራሴ በአፌ እነግራቸዋለሁ። አደራሽን፣ እንዳትቀድሚኝ። ሹፌሩ ልጅሽ ቢጮህብኝም ዝም በዪው፤ ደግ አደረገ ነው የምለው።

አዲስ ጫማም ልሰፋልሽ ነው፣ ፈቃድሽ ከሆነ። በእጄ ካላመንሽ ከሌላ እናሰፋለን፣ አይከፋኝም፤ ልክሽን ግን እኔ ልውሰድ። እስከ ዛሬ የምለካሽ ተቀምጠሽ፣ እግርሽን ጭኔ ላይ አድርጌ ነው፤ ለወሬም ይመቸን ነበር። እሱም ስህተት ነበር። የእግር ልክ የሚታወቀው ሰውነት ሲያርፍበት ነው፣ በዕድሜ ደግሞ ሰፋም ረዘምም ይላል። ስለዚህ ወለሉ ላይ ወረቀት አነጥፋለሁ፣ አንቺ ትቆሚበታለሽ፣ እኔ ተንበርክኬ ዙሪያውን በእርሳስ አሰምርበታለሁ። ሁለቱንም እግር። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኔም ደክሟል፣ ቶሎ አልጨርስም። አንዱን እጅሽን ወንበሩ ላይ፣ ሌላውን የእኔ ራስ ላይ አድርጊው። ብትወድቂም የምትወድቂው እኔ ላይ ነው። ልትረግሚኝ ብትፈልጊ መብትሽ ነው፣ አፌን አልከፍትም። ግን እባክሽ፣ ቆመሽ እርገሚኝ።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ይመልስልሽ፤ ዕድሜ ብቻ ይጨምርልሽ አልልም፣ እርምጃውንም ይጨምርልሽ። ልጆችሽን ይባርክልሽ። ማክሰኞ በሰላም ያገናኘን።

ቀና ብሎ ሊያይሽ ያፈረ፣
ያሳደግሽው ታናሽ ወንድምሽ